ስለ ተነሡ ድንጋዮችና ስለ ስማቸው

ማኅበራችን ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባው የዓመቱ ሽርሽር ወዴት ይሁን ብሎ በተወያየ ጊዜ፣ እንደ ልማዱ ሦስት ስሞች ቀረቡ፤ ጁቤይል፣ የሐሪሳ ተራራና የራውሼ አለት። እኛ በጀማይዜ የምንኖር የሕክምና ተማሪዎች አራተኛ ቦታ አቀረብን፤ ይኸውም በደማስቆ መንገድ ላይ ከብሔራዊ ሙዚየም ፊት ለፊት የቆሙት የሮማውያን ዓምዶች ናቸው። ከአዳራሹ ኋላ «እነዚያንማ ከሰርቪስ መስኮት እናያቸው የለም ወይ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ተሣቀ፤ እጅ ወጣ፤ ተሸነፍን። ጁቤይል አሸነፈች። በድምፅ ብልጫ የተወሰነውን እናከብራለን፤ አውቶቡሱ በተነሣ ጊዜም አብረን ተሳፍረን ሄደናል፤ ዓሣውም ጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሣቅ መልስ ሳያገኝ መቅረት የለበትም ብለን ስላመንን፣ በተከታዩ እሑድ በእግራችን ሄደን ያየነውንና የመሰለንን ለአንባብያን እናቀርባለን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያሉ መጻፍ አንባቢንም ጸሐፊንም ያደክማል።)

ስምንት ነበርን። ከእኛ ከአራታችን ሌላ ምሕንድስና የሚያጠና አንድ ሱዳናዊ፣ የእርሻ ሳይንስ የሚያጠና አንድ ህንዳዊ፣ እንዲሁም በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩና እሑድ እሑድ ዕረፍት የሚያገኙ ሁለት እህቶቻችን አብረውን ነበሩ። ስለ እህቶቻችን በኋላ እንመለስበታለን፤ የጽሑፋችን ጉዳይ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያ ነውና።

ጉዞውን ዓምዶቹ ከቆሙበት ሳይሆን ከተነሡበት መጀመር ይሻላል ብለን ከጀማይዜ ወደ ምዕራብ ወረድን። ዓምዶቹ በ1940ዎቹ ዓመታት የተገኙት በነጅሜ አደባባይና በታላቁ የዑመሪ መስጊድ መካከል ነው። ከጉሮ መንገድ እዚያ ለመድረስ አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሲጋራውን ሳይጨርስ ይደርሳል ማለት ይቻላል። ባሲሊካ ሲባል የእኛ ሰው ቤተ ክርስቲያን ይመስለዋል፤ በሮማውያን ዘመን ግን ባሲሊካ ማለት ነጋዴው የሚዋዋልበት፣ ዳኛው የሚያስችልበት ትልቅ አዳራሽ ነበር። የቤይሩቱ ርዝመቱ ወደ መቶ ሜትር ይጠጋ ነበር። ዳኝነት ስንል ደግሞ በዚች ከተማ እንዲሁ የሚታለፍ ቃል አይደለም። የጥንቷ ቤሪቱስ በሮማ ግዛት ሁሉ የታወቀ የሕግ ትምህርት ቤት የነበራት ከተማ ናት፤ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ ሕጉን ባስጠናቀረ ጊዜ ዶሮቴዎስና አናቶልዮስ የተባሉ የቤይሩት መምህራን ከሠሩት መካከል ነበሩ። በ551 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈረሳት፤ ትምህርት ቤቱም ወደ ሲዶን ተዛወረ። የኛ ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ከተጠናቀረው መጽሐፍ የተተረጎመ መሆኑን፣ ያም መጽሐፍ ከሮማና ከቢዛንቲን ሕግ ብዙ መቅዳቱን የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ አደባባይ ሲቆም ባዕድ አገር ቆሜአለሁ አይልም። ሕግም እንደ ድንጋይ ከቦታ ቦታ ይጓዛል፤ ልዩነቱ ሕግ ሲጓዝ ቀድሞ የነበረበትን ቦታ ባዶ አያደርገውም።

ከዚያ ወደ ሰማዕታት አደባባይ ወጣን። የሰማዕታቱ የነሐስ ሐውልት በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን የበላውን ጥይት እስከ ዛሬ በገላው ላይ ይዞ ቆሟል፤ ጠግነው አልደፈኑትም። ከአደባባዩ ወደ ደቡብ የሚወጣው የደማስቆ መንገድ ነው፤ ከ1975 እስከ 1990 ከተማዋን ለሁለት የከፈለው መስመር ይኸው መንገድ ነበር። በሶዴኮ መገናኛ በ1924 የተሠራው ቢጫ ቤት አለ፤ በጦርነቱ ጊዜ የአልሞ ተኳሾች ምሽግ ነበር። ዳገቱ ረጅም ነው፤ ከእህቶቻችን አንዷ «እናንተ ሐኪሞች ሆናችሁ እንዲህ ታለከልካላችሁ?» ብላ ሣቀችብን። እሷ በየቀኑ የአምስት ፎቅ ደረጃ ውኃ ተሸክማ ትወጣለች፤ መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩ አይሠራምና።

ዓምዶቹ ጋ ደረስን። በእውነት ለመናገር ሲታዩ የሚያስደነግጡ አይደሉም። በዓልበክን ያየ ሰው ዝቅ አድርጎ ቢያያቸው አንፈርድበትም። ከጫፋቸው ላይ ቅጠል መሰል ቅርጽ የተቀረጸባቸው፣ በመኪና ጭስ የጠቆሩ፣ አንድ ድመት ከሥራቸው የተኛችባቸው ዓምዶች ናቸው። ከመንገዱ ዳር መኪናቸውን አቁመው ሰው የሚጠብቁ አንድ አዛውንት የሰርቪስ ነጂ ነበሩ፤ በሚቻለን ዐረብኛ ሰላም ብለን፣ ዓምዶቹ ከየት እንደ መጡ ጠየቅናቸው። «ከየትም አልመጡም፤ ከጥንት ጀምረው እዚሁ ነበሩ» አሉን። ሕይወታቸውን ሙሉ በዚህ መንገድ የተመላለሱ ሰው ናቸው። አልተከራከርናቸውም። ነገር ግን ከመካከላችን ክርክር የተነሣው ያን ጊዜ ነው።

አንደኛው ባልደረባችን እንዲህ አለ፤ ምን ልዩነት አለው? ዓምዱ ያው ዓምድ ነው፤ ከታች ቢሆን ከላይ ቢሆን ፀሐይና ዝናብ እኩል ያገኘዋል፤ ባይነሣ ኖሮ ሕንፃ ይሠራበት ነበር፤ ስለዚህ ማንሣቱ ማዳን ነው። ይህ አስተያየት ተራ አስተያየት አይደለም። በ1964 እና በ1968 መካከል የአስዋን ግድብ ውኃ ሳይደርስባቸው የአቡ ሲምበልን ቤተ መቅደሶች ከሺህ በላይ ብሎክ አድርገው ቆርጠው፣ እያንዳንዱን ቁጥር ሰጥተው፣ ወደ 65 ሜትር ከፍ አድርገው መልሰው የገጠሟቸው ሰዎች ያሰቡት ይህንኑ ነው፤ ባያደርጉት ዛሬ ዓሣ ብቻ ይጎበኛቸው ነበር። ህንዳዊው ጓደኛችንም ከአገሩ የሚመስለውን ነገረን። በክሪሽና ወንዝ ላይ የናጋርጁና ሳጋር ግድብ እንዲሠራ በተወሰነ ጊዜ፣ ናጋርጁናኮንዳ የተባለው የቡድሃ እምነት ጥንታዊ ሥፍራ በውኃ እንደሚዋጥ ታወቀ፤ ከ1954 እስከ 1960 በጥድፊያ ተቆፈረ፤ ዋና ዋናዎቹ የገዳማትና የጸሎት ቦታዎች ፍርስራሾች ተነሥተው ዛሬ በሰው ሠራሹ ሐይቅ መካከል ደሴት በሆነው ኮረብታ አናትና አኑፑ በተባለው ዳርቻ ላይ ቆመዋል። በትምህርት ቤት ሳለ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ለአንድ ቀን በጀልባ ተሻግሮ አይቷል። «ቆንጆ ነው» አለን፤ «ነገር ግን ሸለቆው የት እንዳለ ስንጠይቅ መምህራችን ወደ ውኃው አመለከተ» አለ።

ሱዳናዊው ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና፣ ስለ ቤተ መቅደሶቹ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ስለ ሰዎቹስ? ብሎ ጠየቀ። ቤተሰቦቹ ከዋዲ ሐልፋ ናቸው። በዚያው ግድብ ምክንያት በ1960ዎቹ ዓመታት ወደ ሃምሳ ሺህ የሚጠጉ የሱዳን ኑብያውያን ከአባይ ዳር ተነሥተው፣ በባቡር ተጭነው፣ በአትባራ ወንዝ ዳር ኻሽም ኤል ግርባ አጠገብ ሠፍረዋል፤ ከእኛው ከተከዜ በሚወርድ ውኃ አጠገብ ማለት ነው። በአዲሱ ሠፈር መንደሮቹ የሚታወቁት በቁጥር ነው። የአያቱ መንደር በአባይ ዳር የራሱ ስም ነበረው፤ አባቱ ያደገው ግን ቁጥር በሆነ መንደር ነው። ድንጋዩ ቁጥር የተሰጠው ስሙንና ቦታውን መልሶ እንዲያገኝ ነበር፤ ሰዎቹ ቁጥር የተሰጣቸው ግን በስማቸው ምትክ ነው። ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እኛም የምንመልሰው አልነበረንም።

እዚህ ላይ የራሳችንን አስተያየት እንግለጥ። ማንሣት በራሱ ኃጢአት ነው አንልም። እኛ በሞያችን የሰውን ቆዳ ከጭኑ አንሥተን በተቃጠለ ፊቱ ላይ መትከልን የምንማር ሰዎች ነን። ሆስፒታል ውስጥ ግን አንድ ሕግ አለ፤ ከሰው ገላ የተወሰደ ነገር ሁሉ፣ የጤፍ ፍሬ ቢያህልም፣ ከማን እንደ ተወሰደ፣ ከየትኛው ክፍል፣ መቼ የሚል ወረቀት ሳይለጠፍበት ከክፍሉ አይወጣም። ወረቀቱ ከጠፋ ሥጋው ቢኖርም አይጠቅምም፤ ሊመረመር አይችልም፤ ሊመለስም አይችልም። የጥንት ድንጋይም እንደዚሁ ነው። ጥያቄው ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም ሳይሆን፣ ካርድ ወጥቶለታል ወይ ነው።

ይህን ያረጋገጥነው መንገዱን ተሻግረን ሙዚየሙ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። ሙዚየሙ በ1942 የተከፈተ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሁለቱን ወገኖች የሚለየው መተላለፊያ በደጃፉ ስለ ነበር፣ ታጣቂ ሁሉ በተራው ሠፍሮበታል። የዚያን ጊዜ ኃላፊ የነበሩት ሞሪስ ሸሃብ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ያደረጉት ሥራ በእኛ ዘንድ ብዙ የማይታወቅ ነውና ጥቂት እንናገር። ትንንሾቹን ዕቃዎች በምድር ቤት ውስጥ አድርገው በግድግዳ አሸጉባቸው። ወለሉ ላይ ያሉትን የሞዛይክ ሥዕሎች በፕላስቲክ ሸፍነው ሲሚንቶ አፈሰሱባቸው። ሊነሡ የማይችሉትን ከባድ የድንጋይ ሬሣ ሣጥኖችና ሐውልቶች ደግሞ ዙሪያቸውን በእንጨት ሣጥን አጥረው ውስጡን በአርማታ ሞሉት። ሙዚየሙ ተዘረፈ ሲባል፣ ዘራፊው የሚያየው የሲሚንቶ ድንክ ብቻ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አርማታው ተሰብሮ ሁሉም ከየቦታው ወጣ። በአንድ የግድግዳ ሞዛይክ ላይ ተኳሾች የበሱት ቀዳዳ ዛሬም ሆን ተብሎ እንዳለ ተትቷል። መሪር ቀልድ ነው፤ ሥዕሉ የመልካሙ እረኛ ነው።

እንግዲህ ድንጋዩ ዳነ። ወረቀቱ ግን አልዳነም። በጦርነቱ ዘመን በወደቀ መድፍ በተነሣ ቃጠሎ ካርታዎች፣ ፎቶግራፎችና መዝገቦች ነደዱ፤ 45 ሣጥን ዕቃም አብሮ ጠፋ። የሬሣ ሣጥኖቹ በአርማታ ውስጥ ሲጠበቁ፣ ከየት መጣህ ሲባሉ የሚመልሱላቸው ወረቀቶች አመድ ሆኑ። ይህን ካነበብን በኋላ በአንዱ ክፍል ወደ ቆመው የዕብነ በረድ የበሬ ራስ ሄድን። ይህ ራስ በ1967 በሲዶን አጠገብ ካለው ከኤሽሙን ቤተ መቅደስ የተቆፈረ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ለደህንነቱ ተብሎ ወደ ጁቤይል መጋዘን ተዛወረ፤ በ1981 ከሌሎች ብዙ ዕቃዎች ጋር ተሰረቀ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ኒው ዮርክ፣ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ በውሰት ተቀምጦ ተገኘ። ባለ ገንዘቦች ገዝተውት ነበር። በ2017 የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ ያዘው፤ በ2018 ቤይሩት ውስጥ ለሕዝብ ታየ። እንዴት ተመለሰ ቢሉ፣ በተቆፈረ ጊዜ ተመዝግቦ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ስለ ነበር ነው። ከእሱ ጋር የተሰረቁና ፎቶግራፍ ያልነበራቸው ቢኖሩ፣ በየሀብታሙ ሳሎን አበባ ማስቀመጫ ሆነው ይቀራሉ።

የጁቤይሉ ንጉሥ የአሒራም ሬሣ ሣጥንም እዚያው ነው። በ1923 ከመቃብሩ ወጥቶ ወደ ቤይሩት የመጣ ነው። በክዳኑ ዳር የተጻፈው የፊንቄ ጽሕፈት ሣጥኑን የሚከፍት ንጉሥም ሆነ የጦር አዛዥ የተረገመ ይሁን ይላል። ከእህቶቻችን አንዷ ይህን ስንነግራት አማተበች፤ ቀጥላም ፊደሎቹን ቆጥራ እንድናነብላት ጠየቀች። እኛም እኛ ራሳችን በቄስ ትምህርት ቤት አልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ዐይን እያልን የተማርናቸው ስሞች የእነዚህ ፊደላት የሥጋ ዘመዶች መሆናቸውን ነገርናት። የኛ ፊደል ከፊንቄ አልተወለደም፤ ሁለቱም ግን ወደ አንድ አያት ይቆጠራሉ። «ስማቸው ከጠፋ እንዴት አወቃችሁ?» አለች። ስማቸው አልጠፋማ! ቅርጻቸው ሁሉ ተለውጦ ስማቸው ነው የቀረው።

ስለ አክሱም ሐውልት ሳንናገር ብናልፍ አንባቢ ይታዘበናል። በ1937 ከአክሱም ተነሥቶ፣ በምጽዋ በኩል በመርከብ ተጭኖ ሮማ የቆመው 24 ሜትር የሚያህለው ሐውልት፣ በ1947ቱ የሰላም ውል አንቀጽ 37 መሠረት በ18 ወር ውስጥ መመለስ ነበረበት። የተመለሰው በ2005 ነው፤ ከ150 ቶን በላይ የሚመዝነው ድንጋይ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ገባ፤ በመስከረም 2008 በሥፍራው ቆሞ ተመረቀ። ሃምሳ ስምንት ዓመት መዘግየቱ ያሳፍራል። ነገር ግን የተመለሰው በጩኸት ብቻ እንዳይመስለን። ከየት እንደ ተነሣ ማንም ሊክድ አልቻለም፤ ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ቦታው በአክሱም ባዶውን ይጠብቀው ነበር። መልሶ ለማቆም ሲዘጋጁም ከመሬቱ ሥር የጥንት መቃብሮች መኖራቸው በመሣሪያ ታየ፤ ይኸውም ሐውልቱ ቆሞ የኖረው ባዶ ሜዳ ላይ ሳይሆን በሙታኑ አናት ላይ መሆኑን ያሳያል። ሮማ ውስጥ ሳለ ይህን ማን ሊያውቅለት ይችላል? እዚያ ጌጥ ነበር። አክሱም ውስጥ የመቃብር ምልክት ነው።

የዚች ከተማ የራሷ ነገር ግን ከዚህ ይከፋል። ከጦርነቱ በኋላ መሐል ከተማው ሲታደስ ሰፊ ቁፋሮ ተደርጎ ብዙ ነገር ተገኘ፤ ከፊሉ በቦታው ቀረ፤ ከፊሉ ተነሥቶ ሕንፃ ተሠራበት። በ2012 የፊንቄ ወደብ ነው የተባለ ቦታ ከጥንታዊ ቅርስ መዝገብ ተሰርዞ በቡልዶዘር ተጠረገ። ወደብ ነው፣ አይደለም የሚለው የባለሙያዎች ክርክር ገና ሳይበርድ ነው የተጠረገው፤ አሁን ማን ሄዶ ይመርምር? አገራችንም ከዚህ ንጹሕ አይደለችም። በ2024 ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ በኮሪደር ልማት ሥራ ሲፈርሱ እኛ እዚህ ሆነን በስልክ ፎቶግራፍ ተመለከትን። አሮጌ ቤት አይፍረስ፣ ከተማ አይታደስ የሚል ክርክር የለንም፤ የፈረሰው ሁሉ ቤተ መቅደስ ነበር አንልም፤ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ስለ ቅርስ ሲወራለት ቢቆጣ እውነቱን ነው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የየቤቱ ሥዕል፣ የሠራው ሰው ስም፣ የኖረበት ቤተሰብና የተዛወረበት ሠፈር በአንድ መዝገብ ላይ ሠፍሮ ከሆነ ያ መዝገብ የት ይገኛል? ከእናንተ መካከል የሥነ ሕንፃና የታሪክ ተማሪዎች የሆናችሁ ለዕረፍት ስትሄዱ ይህን ብትጠይቁ ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበልጣል።

አሁን ወደ እህቶቻችን እንመለስ።

ከመካከላችን ሦስታችን በሆስፒታል ልምምድ ላይ ሳለን ለአስተርጓሚነት እየተጠራን ወደ ሌሎች ክፍሎች እንሄዳለን። ባለፈው ዓመት አንዲት የአገራችን ልጅ ራሷን ስታ መጣች። የአሠሪዋ ሰዎች ፓስፖርቷን ሰጥተው ሄዱ። ካርዱ በፓስፖርቱ ስም ወጣ፤ ዕድሜዋ 28 ተብሎ ተጻፈ። እኛ ስናያት ሃያም የሞላት አትመስልም ነበር። ዘመድ ለመፈለግ በዚያ ስም ሦስት ቀን ስልክ ደወልን፤ ወሎ ውስጥ በዚያ ስም የሚታወቅ ሰው አልተገኘም። በአራተኛው ቀን ከፊት ለፊት ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ የምታያት ሌላ ልጅ ሰምታ መጣችና ትክክለኛ ስሟን ነገረችን። ደላላው ፓስፖርቱን ሲያወጣ ስሟንም ሃይማኖቷንም ዕድሜዋንም ለውጦ ነበር። በሁለት ሰዓት ውስጥ እናቷን በስልክ አገኘን። የልጅነት ሕመሟንና የማይስማማትን መድኃኒት የነገሩን እናቷ ናቸው። ልጅቱ ድና ወጥታለች። ድና ባትወጣ ኖሮ በማን ስም ትላክ ነበር? የማን እናት ድንኳን ትጥል ነበር?

ይህ የአንዲት ልጅ ነገር ብቻ አይደለም። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓቸዋል። በ2009 የወጣው የውል ቅጽ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይፈቅዳል፤ በ2020 የተሻለ ውል ተዘጋጅቶ ሳለ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። በዚያው በ2020 ኢኮኖሚው በወደቀ ጊዜ አሠሪዎች እህቶቻችንን በመኪና እያመጡ በቆንስላችን ደጃፍ ከነሻንጣቸው ሲጥሏቸው፣ ሻንጣም ፓስፖርትም የሌላቸው እንደ ነበሩ ሁላችን አይተናል። ለአቡ ሲምበል ድንጋይ ቁጥርና ካርታ ተሠራ። ለእነዚህ ግን የሐሰት ስም ተሰጣቸው፤ እሱም በሌላ ሰው መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈ።

በዚያ እሑድ ከሙዚየሙ ወጥተን ከዓምዶቹ አጠገብ መናቂሽ እየበላን ስንጫወት፣ ከእኛ አንዱ ማኅበራችን የእህቶቻችንን ትክክለኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የተወለዱበትን ወረዳና የዘመድ ስልክ የያዘ አንድ ትልቅ መዝገብ ያዘጋጅ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ለሁላችንም ጥሩ መሰለን። ታላቋ እህታችን ግን የያዘችውን ዳቦ አስቀምጣ «ዝርዝር? ዝርዝሩ ፖሊስ እጅ ቢገባስ? ከቤት የጠፋች ስንት ልጅ አለች፤ እናንተ ዶክተሮች ስማችንን ጽፋችሁ ታስይዙናላችሁ» አለች። መኖሪያ ወረቀት የሌላት ሴት ስሟ መጻፉ መዳኛዋም መያዣዋም ሊሆን ይችላል፤ ከሰዎች ጋር የማይኖር ሰው ይህን አያስበውም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ መፍትሔውን ያመጣችው እሷው ናት። ማኅበሩ መዝገብ አይያዝ፤ ባዶ ካርድ ያሳትም፤ እያንዳንዷ በገዛ እጇ፣ መጻፍ የማትችል ደግሞ በምታምናት ጓደኛዋ እጅ፣ በአማርኛ ወይም በቋንቋዋ ትሙላው፤ ካርዱም ከእሷ በቀር በማንም ዘንድ አይቀመጥ። ስፋቱ ከመዳፍ እንዳይበልጥ፣ ላብ እንዳያበላሸው በፕላስቲክ እንዲለበጥ ጠየቀች። የት እንደምታስቀምጠው ስንጠይቃት ሣቀችና አልነገረችንም።

ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የምናቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው። በካርዱ ላይ እንዲኖሩ የምንፈልጋቸው፣ ትክክለኛ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የልደት ዓመት፣ የተወለደችበት ወረዳና ቀበሌ፣ ሊደወልለት የሚገባ ሰው ስልክ፣ የደም ዓይነት የሚያውቁ ከሆነ እሱ፣ የማይስማማ መድኃኒትና የቆየ ሕመም ናቸው። በጀርባው በዐረብኛና በፈረንሳይኛ «ይህን ካርድ ለሐኪም ያሳዩ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። የደም ምርመራውን እኛ የሕክምና ተማሪዎች ከሚፈቅዱልን መምህራን ጋር ተነጋግረን ለማድረግ እንሞክራለን፤ ቃል ከመግባት ግን እንቆጠባለን። በቡርጅ ሐሙድ ያሉ ትንንሽ ማተሚያ ቤቶችን ዋጋ ጠይቀናል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ካርዶች የሚያስፈልገው ገንዘብ ለጁቤይሉ አውቶቡስ ከወጣው ያንሳል። የሒሳብ ሹሙ ጓደኛችን ይህን ሲያነብ ፊቱን እንዳያኮሳትርብን፤ ሒሳቡን ከደረሰኞቹ ላይ ነው ያየነው።

ወደ ዓምዶቹ የምናደርገው ሁለተኛ ጉዞ ከትንሣኤ በኋላ ባለው በመጀመሪያው እሑድ ነው፤ ዕረፍት የሚያገኙ እህቶቻችን ሁሉ ተጋብዘዋል፤ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ዓምዶቹ መንገድ ዳር ስለ ሆኑ መግቢያ የላቸውም፤ ወደ ሙዚየሙ ለሚገቡት እናዋጣለን። መገናኛው በጉሮ መንገድ ከቅዱስ ኒቆላስ ደረጃ ግርጌ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ፈረንሳይኛ አጥርታችሁ የምታነቡ ሁለት ሰዎች እንፈልጋለን፤ በሙዚየሙ ውስጥ ያሉትን ጽሑፎች እየተረጎማችሁልን እኛ በአማርኛ እንጽፋለን። ዳገቱ ከሶዴኮ በፊት ይጠናልና ውኃ ይያዝ።